ያልጠፋው ቁልፍ

ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አንድ አባት ዛሬ ጭቃ ውስጥ ሲፈልጉልኝ ቆዩ።

ጅጋ ከተማ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር፣ ቄጠማ ላይ ያረፈች ቀይ የውሃ ተርብ ፎቶ ላነሳ ተንበርክኬ ነበር። ዓይነቷን ለመለየት ከጎን መታየት አለባት፤ እኔ ያገኘሁት ጀርባዋን ብቻ ነው።

በግ ይዘው ገበያ የሚሄዱት እኚህ አባት "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ተርብ እያሳደድኩ ነው ማለት አሳፈረኝና "ቁልፍ" አልኳቸው።

በጉን አስረው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ተርቧም በረረች።

"ይተዉት አባቴ፣ ሌላ አለኝ" ብላቸው እምቢ አሉ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እንዳላሳያቸው ሀፍረቱ ባሰብኝ።

ገበያው ሊያመልጣቸው ሲል "ስመለስ ደግሜ አየዋለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

እናንተስ በትንሽ ውሸት ደግ ሰው አድክማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቤቴን በዚያው ቁልፍ ከፍቼ ገብቻለሁ። እሳቸው ይሄኔ ቄጠማው ውስጥ ጎንበስ ብለው ይሆናል።