የባለሻርፑ ፍርድ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ዙሌካ የምትባል ሴት አለች። በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ከቪዲዮ ካሴት ሽፋን የተቆረጠ የአንድ ህንዳዊ አክተር ፎቶ ለጥፋለች። አንገቱ ላይ ቀይ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ፎቶው የማሽን ዘይት እየጠጣ ፊቱ ቢጫ ሆኗል። እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ ደንበኞቿ «ማነው ይሄ?» ሲሏት «አሳዳጊዬ» ትላቸው ነበር። ይስቃሉ። እሷ ግን የምሯን ነው።

የአክተሩን ትክክለኛ ስም አታውቀውም። ባደገችበት በመካኒሳ አቦ ሰፈርም የሚያውቀው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «ባለሻርፑ» ነበር የሚለው። ሰፈሩን ከባለሻርፑ ጋር ያስተዋወቀው ደግሞ የዙሌካ የእንጀራ አባት ኢስማኢል ነው።

ኢስማኢል ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ክፍል፣ ስድስት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን ከነቪዲዮ ዴኩ፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ በቃ። ሰውዬው በወጣትነቱ ጅዳ ከህንዶች ጋር ሠርቻለሁ፣ ህንድኛ እንደ ውኃ ነው የምጠጣው ይል ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና ማይክሮፎን ይዞ አማርኛውን ያወርደዋል። ሴቷንም ወንዱንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ሆኖ የሚያወራው እሱ ብቻ ነው። መቼም አላህ ለዚያ ሰው አንደበት ሲሰጠው አልሰሰተበትም። ሰፈርተኛው ሌላውን ቪዲዮ ቤት አልፎ የሚመጣው ከፊልሙ ይልቅ ለእሱ ድምፅ ነበር።

እጁ ግን ሌላ ነው። ዙሌካን የሚገርፋት በተበላሸ የማይክሮፎን ገመድ ነበር። ዴኩ ካሴት ሲበላበት ይገርፋታል። መብራት ሄዶ ተመልካች ሲበተንበት ይገርፋታል፤ መብራቱን የወሰደችው እሷ ይመስል። በር ላይ ቆሎ ስትሸጥ ድምፅዋ ጮክ ካለ «ጯሂ» ብሎ፣ ዝም ካለች «አኩራፊ» ብሎ ይገርፋታል። ከእናቷ የወለደውን ሸምሱን ግን አንድ ቀን ጫፉን ነክቶት አያውቅም። እናትየው ግርፊያው ሲጀመር ወደ ጓሮ ወጥታ ልብስ ታሰጣለች። እርጥብ ልብስ ከሌለ ደረቁን ታሰጣለች።

ልጅ የሚገረፍበትን ምክንያት ሲያጣ ከራሱ ይፈልጋል። ዙሌካም አሥር ዓመት ሲሞላት እኔ በቃ ክፉ ልጅ ነኝ ብላ ጨርሳ ነበር። ባለሻርፑ የደረሰላት ያኔ ነው።

ፊልሙ የባቡር ጣቢያ ፊልም ነው። ባለሻርፑ ከባቡር ይወርዳል፣ ይደባደባል፣ ይዘፍናል፣ እንደገና ይደባደባል። መሀል ላይ አግዳሚ ሥር የተደበቀች፣ ፊቷ በዱላ ያበጠ ትንሽ ልጅ ያያል። ይንበረከካል። አገጯን ይዞ ቀና ያደርጋታል፤ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። ከዚያ በኢስማኢል ድምፅ እንዲህ ይላታል፦

«ቀና በይ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እጁን መግታት ያቃተው ሰው ነው ጥፋተኛው።»

ዙሌካ ከብርድ ልብሱ ኋላ፣ የቆሎ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ይህን ስትሰማ የጀርባዋ ሰንበር ገና አልጠገገም ነበር። እንባ ስለሸፈናት ከዚያ በኋላ ያለውን አላየችም። ፍርድ ነው! ያውም አገር ከሚያውቀው ሰው አፍ። ከሁሉ በላይ አንጀቷን ቅቤ ያጠጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባለሻርፑ ፍርዱን ያስነበበው በገራፊዋ አፍ ነው። አስተርጓሚ ምርጫ የለውም፤ የተባለውን ማለት አለበት። ኢስማኢልን በገዛ ምላሱ የሚያስፈርድበት ሰው ምን ያህል ጉልበት ቢኖረው ነው ብላ ተደነቀች። ፊልሙ ስለተወደደ ሐሙስ ሐሙስ ይታይ ጀመር፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ እንባ ይሸፍናታል። ሐሙስ ኢስማኢል ማይክሮፎኑን ይዞ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይላል። አርብ ይገርፋታል። እሷም እየተገረፈች ሐሙስን ትጠብቃለች።

በዚያች ንግግር ነው ያደገችው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከቤት ወጥታ ሂርጳ የሚባል ልብስ ሰፊ ጋ ተቀጠረች። ሂርጳ ጨርቅ ጠፋብኝ ብሎ ደንበኛ ፊት ሲያፋጥጣት አንገቷን አልደፋችም፤ ጨርቁም ከራሱ ቤት ተገኘ። አገባች። በስምንተኛው ወር ባሏ አንድ ጊዜ በጥፊ አጮላት። አንድ ጊዜ ብቻ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ወጣች። ሽማግሌዎቹ «በአንድ ጥፊ ትዳር ይፈርሳል?» ሲሏት «ባለሻርፑ አይፈቅድም» አለቻቸው። ይቺስ ለይቶላታል ብለው ተዋት።

ካቻምና እናቷ ታመመች፤ ባለፈው ዓመት ሞተች። ስትሞት «ኢስማኢልን አደራ» አለች። ያለችው ደግሞ ለገዛ ልጁ ለሸምሱ ሳይሆን ለዙሌካ ነው። ኢስማኢልን ያን ጊዜ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ሰፈር ያስደመመው አንደበቱም ከ«አ... አ...» በቀር አልተረፈለትም። ሸምሱ ፉሪ ሰፈር መሥራት የጀመረው ቤት እስኪያልቅ ለሁለት ወር ብቻ ብሎ እሷ ዘንድ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ወር ስድስት ሆነ። ዙሌካ ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ሌሊት ታገላብጠዋለች። ጎረቤት «አላህ ጀነት ያግባሽ» ይላታል።

እሷ ግን ስለ ጀነት አልነበረም የምታስበው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሳይሞት ያን ፍርድ አንድ ጊዜ ይስማ። አስተርጓሚ ሆኖ፣ ማይክሮፎን ይዞ አይደለም። እንደ ተከሳሽ ቁጭ ብሎ፣ ከባለሻርፑ ከራሱ አፍ ይስማ። አሁን ደግሞ ተነስቶ መሄድ አይችልም።

ፊልሙን ያገኘችላት የጎረቤቷ ልጅ እድላዊት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች፤ ሱቁ ውስጥ የተለጠፈውን ፎቶ በስልኳ አንስታ ስትፈልግ ዋለችና «ዙሌዬ፣ አሳዳጊሽን አገኘሁልሽ!» እያለች እየሳቀች መጣች። ፊልሙ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። እሷ እያነበበች ልትተረጉም ተስማሙ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሁድ ከሰዓት ዙሌካ ኢስማኢልን ፂሙን ላጨችው፤ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ሰው ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው። በሁለት ትራስ ደግፋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ባቡሩ እያፏጨ ሲገባ ሽማግሌው ዐይኑን አፈጠጠ። በደህናው ግራ እጁ የሶፋውን ጠርዝ ጨበጠ። ዙሌካ ይህን አየች፤ ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት።

«አሁን ነው!» አለች። «ምን እንደሚላት ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይስማ።»

ባለሻርፑ ተንበረከከ። የልጅቷን አገጭ ያዘ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሁሉም እንደ ድሮው ነው።

«‹አንቺ አይደለሽም›» ብላ አነበበች እድላዊት።

«እ?»

«‹አንቺ አይደለሽም› ነው የሚላት። የጠፋችበትን እህቱን አይደል የሚፈልገው? እሷ መስላው ነበር። ከዚያ ‹ሂጂ፣ ከመንገዴ ዞር በይ› ይላታል።»

«ተሳስተሻል። መልሺው።»

መለሰችው። ባለሻርፑ እንደገና ተንበረከከ፣ እንደገና አለቀሰ፣ እንደገና «አንቺ አይደለሽም» አለ። ከዚያም ዙሌካ በእንባዋ ምክንያት አይታው የማታውቀውን አደረገ፤ አገጯን ለቀቀና ልጅቷን በእጁ ገፋ አድርጎ አለፈ። ልጅቷ ተመልሳ አግዳሚው ሥር ገባች።

«ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል የሚላት» አለች ዙሌካ። «‹ምንም አላጠፋሽም› የሚል አለ። ‹እጁን መግታት ያቃተው ሰው› የሚል።»

እስከ መጨረሻው አዩት። እድላዊት ድምፅዋ እስኪጎረንን አነበበች። የለም። ልጅቷም ዳግመኛ አልታየችም።

«የድሮው ተርጓሚ ከራሱ ጨምሮበት ይሆናላ» አለች እድላዊት። «ቆንጆ ነገር ነው የጨመረው። ማን ነበር?»

ዙሌካ ወደ ሶፋው ዞረች። ኢስማኢል የሚያየው ቴሌቪዥኑን አልነበረም። እሷን ነው። እንባው በተጣመመው ጉንጩ ወርዶ ገና የተላጨው አገጩ ላይ ደርሷል።

እድላዊትን ሸኝታ በሩን ዘጋች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሆዱ ይባባ ነበር። ለካ ይወደኝ ኖሯል፣ ፊት ለፊት ሊለኝ ያልቻለውን በማይክሮፎን ነው የነገረኝ ብሎ እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። ዙሌካም አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ እዚያ ደርሳ ነበር። ግን የምታውቀው ሐሙስን ብቻ አይደለም፤ አርብንም ታውቃለች። እስከዚያ እሁድ ድረስ ለኢስማኢል አንዲት ነገር ትታለት ኖራለች፤ አያውቅም ብላ። ጥፋተኛ መስዬው ነው የሚገርፈኝ፣ ጭንቅላቱ ጨለማ ነው ብላ። ለካ ያውቃል። እንዳላጠፋች ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው፤ ስድስት አግዳሚ ሙሉ ሰው ፊት አውጆላታል፤ በማግሥቱ ገመዱን ከምስማሩ ያወርዳል። አሳዳጊዬ ያለችው ባለሻርፑ ደግሞ ከመንገዴ ዞር በይ ነበር ያላት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አጣች።

ኢስማኢል ፊት ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ከብርድ ልብሱ ኋላ እየሰማሁ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

አንገቱን ነቀነቀ። አዎ።

«እኔን ነበር የሚሉት?»

ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምን ይገርፉኝ ነበር?»

ለዚህ አንገት መነቅነቅ አይበቃም። አፉ ተከፈተ፣ ምላሱ ተርገበገበ፣ ለሃጩ ወረደ። ሃያ ሰው ሆኖ ያወራ የነበረ ሰው ለአንድ ጥያቄ አንድ ቃል አጣ። ግራ እጁን አነሳ። የላከው ወደ አገጯ ነበር፤ ዙሌካ ይህ የገባት ቆይቶ ነው። ገላዋ ግን አልጠበቃትም፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ወለሉ ላይ ተኮራምታ፣ ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና ራሷን አገኘችው።

እጁ አየር ላይ ቆይቶ ጭኑ ላይ ወደቀ። ዙሌካ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ አፉን ጠረገችለት፣ ከዚያ ለሸምሱ ደወለች።

«ነገ ጠዋት መጥተህ አባትህን ውሰድ።»

«ዙሌ፣ ቤቱ እኮ አላለቀም። እኔ ሥራ እውላለሁ፣ ማን ያየዋል? ብቻውን ተቆልፎበት ሊውል ነው?»

«ይቆለፍበት።»

«የእማዬ አደራስ?»

«አደራ በላች በላቸው» ብላ ዘጋችው።

ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኞች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ከአራተኛ ፎቅ አወረዱት። ትናንት ጀነት የተመኙላት ጎረቤቶች በየበረንዳው ወጥተው ለሽማግሌው ከንፈር መጠጡለት፣ እሷን ገላመጧት። ሸምሱ አላናገራትም፤ የአባቱን ልብስና መድኃኒት በፌስታል ይዞ ከባጃጁ ሹፌር አጠገብ ቆመ። ኋላ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ኢስማኢል ወደማይታዘዘው ጎኑ ተንሸራተተ፤ አንገቱ ደረቱ ላይ ተደፋ። ዙሌካ ጎንበስ ብላ ገባችና ትራስ ወተፈችለት። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችው። ሽማግሌው ዐይኑን ዐይኗ ላይ ተክሎ ጠበቀ። ምን እንደሚከተል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቃሉን የሠራው እሱ ነው።

«ቀና በል» አለችው።

የቀረውን አልጨመረችለትም።