ከቤሩት ዱባይ ስንት ነው?

አያ በላቸው የኮሶዬ ሰው ነው። ገብስና ድንች ያመርታል፤ የታመመ መጠየቅም ያውቅበታል፤ ማወቁን ደግሞ አይደብቅም። ሳንጃ ድረስ በእግሩ ወርዶ የአክስቱን ልጅ ጠይቆ መመለሱን ያልሰማ የአገሩ ሰው የለም፤ የሰማውም ደጋግሞ ሰምቶታል።

ልጁ የትነበርሽ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የጎረቤቱ የሐረገወይን ልጅ አማረች ደግሞ ዱባይ። በአገሩ አፍ ግን ሁለቱም «ዐረብ አገር» ናቸው፤ አንድ ቀዬ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አማረች ታማ ሆስፒታል ተኛች ሲባል፣ አያ በላቸው ሐረገወይንን «አይዞሽ፤ የእኔዋ እዚያው አይደለች? አጥሚት ይዛ ትደርስላታለች» ብሎ ቃል ገባላት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በጊዮርጊስ ማኅበር ቀን፣ ጠላው እንደ ተቀዳ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ደወለ።

«አማረችን ጠየቅሻት?»

«አባየ፣ ሩቅ እኮ ነው...»

«ለሰነፍ ደጁም ሩቅ ነው! እኔ እንዲህ ያለች ልጅ አልወለድሁም!» ብሎ ዘጋባት። ሐረገወይን አንገቷን ደፋች። እሱ ጠላውን ጨለጠ፤ ጀብዱ የሠራ መስሎታል።

እልኸኛ ነውና ይህም አልበቃው። የመንገዱን ቅርበት በወረቀት አስጽፎ ሊያሳፍራት ጎንደር ወረደ። ፒያሳ አንድ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ገባና ቤዚ ከምትባል ሠራተኛ ፊት ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ከቤሩት ዱባይ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ጻፊልኝማ።»

ቤዚ አልሳቀችበትም። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። «በእግር አይሞከርም አባባ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን እንኳ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ነው።»

«ከኮሶዬ ጎንደር ባለው ቢሰፈርስ?»

«ሰባ ጊዜ ቢሆን ነው። ያውም ሁለት አገር ናቸው፤ ፓስፖርትና ቪዛ ይጠየቃል።»

የየትነበርሽ ፓስፖርት አሠሪዋ እጅ እንዳለ አያ በላቸው ያውቃል። ፊቱ ጋለ። ቤዚ የጻፈችለትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እግዜር ይስጥልኝ ማለቱን እንኳ ረስቶ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው።

ከማኪና እንደ ወረደ ሐረገወይን ደጅ ሄዶ ወረቀቱን አሳያት። «የማይሆን ቃል ነው የገባሁልሽ» አላት።

«ምነው አያ በላቸው? የትነበርሽ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳትደውልላት የዋለችበት ቀን የለም። አማረችን ያበረታቻት እሷ ናት።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?»

«በሰው ፊት ላዋርድህ ኖሯል?»

ይኸ ከሰባው ጊዜ መንገድ ይልቅ ከበደው። ባዕዷ የእሱን ገመና ሸፈነች፤ እሱ ግን የገዛ ልጁን አደባባይ አወጣት። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

በሰው ፊት የሰደቡትን በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ነውር መሰለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦ የስልኩን ድምፅ እንደ ያኔው ከፈተና ደወለ። ይቅርታውን በልቡ ሲያጠናው ነው የሰነበተ።

የትነበርሽ አነሣች። የሰዉን ጉርምርምታ ሰማች መሰል፣ አባቷ አፉን ሳይከፍት ፈራ ተባ እያለች፣

«አባየ» አለችው፣ «ዛሬስ እነማን እየሰሙኝ ነው?»