ወደ ቤቷ የምትመለሰው እርግብ

አጎቴ ዕድሜ ልኩን የጎልፍ ዱላ ሲሠራ ኖሮ አንዲት ኳስ እንኳ ሳይመታ ያረጀ ሰው ነበር። «ዶሮ አርቢ ሁሉ ክንፍ ያወጣል እንዴ?» ይላል ሲጠይቁት። ሰማያዊ ካፖርቱን አጥልቆ፣ በየዱላው የብረት ራስ ላይ የፋብሪካውን ምልክት በመዶሻ እያሳረፈ ይውላል። ምልክቷ ክንፏን የዘረጋች እርግብ ናት።

እርግቧን የቀረጻት ፋብሪካውን ያቋቋመው ሽማግሌ አናጢ ነው። ሲቀርጻት ታዲያ ማኅተም ግራና ቀኙን እንደሚያገላብጥ ዘነጋ። ወደ ፊት ትበራለች ያላት እርግብ ምንቃሯን ወደ እጀታው አዙራ ታተመች። ኳሱ ወደ ሜዳ፣ እርግቧ ወደ ቤቷ! ሽማግሌው ሌላ ለመቅረጽ ሰነፈ፤ ገዢውም ለመዳት።

አናጢው ሲሞት ፋብሪካው ለአማቹ ደረሰ። አማቹ ለጫማ ነጋዴዎች ሸጠው፤ እነሱም ለአንዲት ወይዘሮ። ስሙም እርግቧም እንደ ቤት ዕቃ አብረው ተሸጡ። ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛው ንቅንቅ ያላለ አጎቴ ብቻ ነው።

«ዛሬስ ጌታህ ማነው?» ሲለው ጎረቤት፣

«የጠዋቱን ነው የከሰዓቱን?» ይለዋል።

ወይዘሮዋ ግን በመጣች በሳምንቷ ዱላውን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ እርግብ ምን አይታ ነው የምትሸሸው?» አለችው።

«ተፈጥሮዋ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ወደ ፊት የምትበር አዲስ ማኅተም ይቅረጹልኝ። ካልሆነልዎ ምልክቱን በማሽን እናስመታለን፤ እርስዎም ቤትዎ ያርፋሉ።»

አጎቴ ማረፍ የሚባል ነገር አይወድም። ቤት መዋል ማለት አክስቴ ሥር ተቀምጦ ሽንኩርት መላጥ ነውና! ስለዚህ መነጽሩን አድርጎ አዲሱን ማኅተም ሲፍቅ፣ ሲሞርድ ሰነበተ። ሲጨርስ ለአክስቴ አሳያት።

«አየሻት? ቀጥ ብላ ወደ ፊት!»

«እሰይ፣ ገና አሁን መንገዷን አወቀች» አለችው።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ከቦት ቆመ። አጎቴ ማኅተሙን በአዲስ ዱላ ላይ ደግኖ በመዶሻ አንዴ አሳረፈው፤ አነሳው። እርግቧ ምንቃሯን ወደ እጀታው አዙራ ቁጭ ብላለች። ማኅተም ያገላብጣል! እሱም እንደ ሽማግሌው አናጢ ረስቶታል።

አጠገቡ ያለው ዱላ ወልዋይ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም። አጎቴ ግን ካፖርቱን መፍታት ጀመረ።

«እንግዲህ ዕቃዬን ልሰብስብ፣ እትዬ።»

ወይዘሮዋ ዱላውን ተቀብላ ትክ ብላ አየችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀች ኖሯል።

«ሁለት ጊዜ አባረዋት ሁለት ጊዜ የተመለሰች ወፍ፣ ቤቷ እዚህ ነው ማለት ነው። ይቀመጡ፣ ጋሼ። ማሽኑም ይቅር። በአሮጌዋ ይምቱ፤ እሷ ትሻላለች።»

አጎቴ ካፖርቱን መልሶ ቆለፈ። አዲሱን ማኅተም ማታ ቤት ይዞት ሲገባ፣ አክስቴ ነጭ ሽንኩርት መደቆሻ አደረገችው።

«እንኳንም አላረፍክ» አለችው። «አንተማ ሽንኩርቱንም የምትልጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ነበር።»