ባትሪ አትላክ

አዲስ አበባ፣ ጎህ ሲቀድ

ገብሬ ከንጋቱ በፊት ደጄ እንደሚደርስ ነግሮኝ ነበርና ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። መኪናዋ የመጣችው ሰፈሩ ሁሉ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያውም ሁለት ዘበኞች ከኋላ እየገፏት። ገብሬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ግባ! ግባ! እኔ ማቆም አልችልም!" ይለኛል። እየሮጥኩ በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ዘበኞቹ እጃቸውን አውለበለቡልን። ጉዟችን እንዲህ ተጀመረ።

አንባቢ ገብሬን አያውቀውምና ላስተዋውቅ። ለመስቀል አገሬ እንግባ ብሎ የጋበዘኝ ጎረቤቴ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይሸጣል፣ የባትሪ ድንጋይም በካርቶን ያከፋፍላል። አገሩ ከእምድብር ማዶ ነው። መስቀል ሲደርስ የአገሩ ልጆች ሱቃቸውን ቆልፈው ሲገቡ እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀርቷል። አንድ ዓመት ዕቃ ከጉምሩክ አልወጣለትም፣ አንድ ዓመት ሱቅ የሚጠብቅለት ጠፋ፣ የሦስተኛውን ምክንያት ረስቶታል። በየዓመቱ ግን አገር በሚገባ ሰው እጅ ለአባቱ አንድ ምርጥ ባትሪ ከነድንጋዩ ይልካል።

በነሱ ቤት የመስቀሉን በሬ አባት ይመርቃል፣ በኩር ልጅ ይይዛል፤ በኩሩ ገብሬ ነው። ዓምና ሽማግሌው ልጄ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ መሸ፤ ጎረቤት ሁሉ አርዶ ሲበላ የሳቸው በሬ እንደታሰረ አደረ። ዘንድሮ ደከም ብለዋል፤ ከቤት ብዙም አይወጡም አሉ። በመጣ ሰው አፍም እንዲህ ብለው ላኩበት፦ "ባትሪ አትላክ። ራስህ ና። ፀሐይ ሳትገባ ካልደረስክ ዘንድሮም ቢላዋ አላነሣም።"

የእርዱ ቀን ዛሬ ነው። ስለዚህ ገብሬ መኪና ገዛ።

የገዛው አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ነው። "ሰውዬው ሲሸጥልኝ ደስታውን አልቻለውም" ይላል ገብሬ። ለምን እንደዚያ እንደተደሰተ አልጠየቀውም። ከኋላ ወንበር ላይ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘነበች ተቀምጣለች፤ ካጠገቧ ለአማቷ የተገዛ ጋቢ፣ ስኳር፣ ጨውና ሦስት ካርቶን የባትሪ ድንጋይ አለ።

"ባትሪ አትላክ አላሉህም እንዴ?" አልኩት ካርቶኖቹን አይቼ።

"ባትሪ አትላክ አሉ እንጂ ድንጋይ አታምጣ መች አሉ?" አለኝ።

ቱሉ ቦሎ

አለም ገናን ካለፍን በኋላ መንገዱ ጥሩ ነው። ጤፉ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው። በአውቶቡስ ጣራ ላይ አልጋ፣ ብርድ ልብስና ሰው ተጭኖ ወደ አገሩ ይገባል። ያለፈን አውቶቡስ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፋል፤ ገብሬም ይመልሳል። የመጀመሪያው ሰላምታችን መኪና መኪና ይል ነበር። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ የፍየል ድምፅ ሆነ። ከከተማው መውጫ ላይ አህዮች መንገድ ዘግተው ገብሬ ጥሩንባውን ቢጫን አንዷ ብቻ ዞር ብላ አየችን፣ ከዚያ ተወችን።

"ድንጋዩ ደክሟል" አለ ገብሬ። የመኪናውን ባትሪ ማለቱ ነው።

"ባለፈው ሳምንት አዲስ አልገዛህም?" አለችው ዘነበች።

"አዲስም ያልቃላ። ድንጋይ አይደለም እንዴ?"

ገብሬ ኑሮውን ያቆመው በዚህ እውቀት ላይ ነው። ባትሪ ከደከመ ድንጋዩ አልቋል፣ ድንጋዩ ካለቀ ሌላ ይገዛል፣ የሚሸጠውም እሱ ነው። እኔም ስለ መኪና የማውቀው በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው።

ወሊሶ

ወሊሶ ላይ ሻይ እንጠጣ ብለን መኪናዋን አጠፋን። ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ዳቦውም ትኩስ ነበር። ስንመለስ ገብሬ ቁልፉን ቢያዞር ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ማደያው ውስጥ የተሞላ ባትሪ ተገኘና አሮጌውን ትተን ያንን አስገባን። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ጥሩንባው ተመልሶ መኪና መኪና አለ። ገብሬ ከወሊሶ እስኪወጣ ድረስ ለማንም ለምንም ነፋ፤ ለዛፍ ሳይቀር።

"አላልኩህም?" አለኝ።



ወልቂጤ

ወልቂጤ የገባነው ፀሐይ ከአናታችን ዘንበል ስትል ነው። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ የዝናብ መጥረጊያው ግን አንድ ጊዜ ይወጣና መሐል ላይ ቆሞ ያስባል። ገብሬ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ፊቱ ግን ገረጣ። ከዚህ እስከ አባቱ ቤት ያለው የኮረኮንች መንገድ ነው፤ ማደያ የለም፣ የሚገፋም ሰው በሬ እያረደ ነው።

ከተማው ውስጥ ጋራዥ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ብቻ ክፍት አገኘን፤ የቡታጅራ ሰው ነው፣ ስሙ ሸምሱ። ክርስቲያን ጓደኞቹ ሁሉ አገር ገብተው የሦስት ጋራዥ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው።

"አሰላሙ ዐለይኩም! ምን ሆነች?"

"ድንጋይዋ አልቋል" አለ ገብሬ።

ሸምሱ ኮፈኑን ከፈተ። "ወላሂ ቺንጋ ነው" አለ ገና ሳይነካ። ዲናሞውን የምታዞረውን ጎማ ቺንጋ አጠበቀ፣ እጁን ጠረገ፣ ሻይ አዘዘ። ሻዩን ሲጨርስ መብራቱን አበራው፤ መብራቱ የሻማ ያህል ነው። ሸምሱ ወላሂ ያለውን ረስቶ እንደገና ጎንበስ አለ።

"ሲነዱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት አልበራም?" ብሎ ጠየቀ።

"ኧረ የለም" አለ ገብሬ።

"ፕላስተር ለጥፎበት ነው" አለች ዘነበች ከኋላ።

ገብሬ "ዓይኔን እየወጋኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ሸምሱ ፕላስተሩን ላጠው። ቀዩ መብራት ለሁለት ሳምንት ታፍኖ እንደቆየ ሰው ቦግ ብሎ ወጣ።

ሸምሱ ነገሩን ያስረዳው በጣቱ እያሳየ ነው። ባትሪው ለብቻው ምንም አይደለም፤ መኪናዋ ስትሄድ ዲናሞው እየሞላው ነው የሚኖረው። ዲናሞው ካልሞላው የፈለጉትን ያህል አዲስ ባትሪ ቢያስገቡ መኪናዋ በልታ ትጨርሰዋለች። አንዲት አምፖል በሽቦ ከዲናሞው ጋር አገናኘ፤ አልበራችም። በመፍቻው እጀታ ዲናሞውን ኳ ኳ ሲያደርገው አምፖሏ ብልጭ አለችና ጠፋች። "አሀ" አለ። ፈታው። ውስጥ ካሉት፣ ኮረንቲውን ከሚያሳልፉት ሁለት ካርቦኖች አንደኛው አልቆ የጥፍር ያህል ቀርቷል።

"ካርቦኑ ቡታጅራ ወንድሜ ጋ አለ" አለ ሸምሱ።

ቡታጅራና ወልቂጤ የአንድ አገር ከተሞች ናቸው፤ በመሐላቸው ግን መኪና የሚያልፍበት መንገድ የለም። ቡታጅራ ለመድረስ ተመልሰን አለም ገና ሄደን በሌላኛው መንገድ መውረድ ነበረብን። ገብሬ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይህን ሰው ሲከስር አይቼዋለሁ፣ ሲዘረፍም አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ሲቀመጥ ግን አላየሁትም።

ሸምሱ በመስኮት ካርቶኖቹን አይቶ "ይሄ ምንድነው?" አለ።

"የባትሪ ድንጋይ" አለች ዘነበች።

ሸምሱ ሳይጠይቅ አንዱን አወጣና በመዶሻ ፈለጠው። "አዲስ ነው እኮ!" ብሎ ገብሬ ተነሣ። ሸምሱ ከድንጋዩ መሐል ያለችውን ጥቁር ዘንግ ጎትቶ አወጣት። እሷም ካርቦን ናት። መጀመሪያ የሞረዳት ተሰበረች፣ ሁለተኛዋም ተሰበረች፤ ገብሬ በእያንዳንዷ ዓይኑን ይጨፍናል። ሦስተኛዋ ልክ ገባች። ዲናሞውን ገጥሞ፣ እኛ እየገፋን መኪናዋን ሲያስነሣ ቀዩ መብራት ጠፋ።

"ምንም አትመኑት" አለ ሸምሱ። "ሩቅ አይሄድም። መብራት አታብሩ፣ ጥሩንባ አትንፉ። ባትሪው ባዶ ስለሆነ ቤት እስክትደርሱ ሞተሩን እንዳታጠፉት። ንጉሥ ቢመጣ እንኳ!" ይህን ካለ በኋላ ዞር ዞር ብሎ ማን እንደሰማው አየ።

ከእምድብር ማዶ

በእምድብር አለፍን፤ አልቆምንም። ሚሲዮኑ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉም በመስኮት አለፉ። ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ የታረደ ሥጋ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ከቤት ቤት ይሄዳል። ዘነበች መዘመር ጀመረች። ገብሬ ፀሐይዋንና ቀዩን መብራት በየተራ እያየ ይነዳል። አንዷ እንዳትገባ፣ አንዱ እንዳይወጣ ነው የሚጠብቀው።

ጀፎረው ታየን። ጀፎረ ማለት የመንደሩ ሰፊ ባለ ሣር ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈውበታል። የአባቱ ቤት ከማዶ ከፍታው ላይ ይታያል። ደርሰናል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አቶ ንዳ በበቅሎ መጡ። አቶ ንዳ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ገብሬን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ገብሬ መኪናዋን አቁሞ ወረደ። እዚያ አገር ለሽማግሌ በመስኮት ሰላም አይባልም። ሰላምታው ደግሞ ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ እንሰቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃል። አቶ ንዳ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ሞተሩ ይጮሃል። ገብሬ "በሽማግሌ ላይ እየጮኸ…" አለና እጁን በመስኮት አግብቶ ቁልፉን አዞረ።

ዘነበች ዘፈኗን አቆመች።

ሰላምታው ግን አልተቋረጠም። የከብቱም የእንሰቱም ደኅንነት ተጠየቀ። አቶ ንዳ መረቁት። ከዚያ ገብሬ ቁልፉን መልሶ አዞረ፤ ጠቅ አለ። ገፋን፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ተመልሳ በላያችን ልትወጣ ምንም አልቀራት።

"ምን ሆነች?" አሉ አቶ ንዳ።

"ባትሪው ሞተ" አለ ገብሬ። "አባን እንዲህ ይበሏቸው፤ ገብሬ መጥቷል፣ ጀፎረው ታች ነው፣ ባትሪው ሞቶበት ነው።"

አቶ ንዳ በቅሎዋን አዙረው ሄዱ። ፀሐይዋም ገባች።

ጀፎረው ላይ

ዕቃውን ትተን በእግር እንሂድ ወይስ አንሂድ እያልን ስንከራከር ዓይን ያዝ አደረገ። ያን ጊዜ ከዳገቱ ላይ ሦስት መብራቶች ብቅ አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት፤ ከፊት ያለው ሰው ቀስ ስለሚል ነው። ስንጠብቅ ቆየን። ከፊት ያሉት አባትየው ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ባትሪ። ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶች ተከትለዋል። ሦስቱም የያዟቸውን ባትሪዎች ገብሬ አወቃቸው። አንዱ ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም።

የአባቱን ጉልበት ሳመ። ከዚያ "አባ፣ አልተጠቀሙባቸውም እንዴ?" አለ።

"እኔ ግቢዬን ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ሌሊት ሲመጣ መንገዱ ይጠፋዋል ብዬ ላንተ አስቀመጥኩት። ንዳ ባትሪው ሞተ ሲለኝ ይኸው ደረሰ አልኩ።"

ገብሬ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። ዘነበች ጋቢውን አውጥታ አማቷን አለበሰች።

ሽማግሌው ባትሪያቸውን ኮፈኑ ላይ አበሩ። "ይሄም ባትሪ አለው?"

"አለው።"

"ታዲያ ድንጋዩን ለውጥለታ። አንተ ጋ ሞልቶ የለ?"

ገብሬ አፍንጫውን ጠረገ። "የድንጋይ ጉዳይ አይደለም አባ። አዲስ ቢያስገቡበትም ዋጋ የለውም፤ የሚሞላው ነው የጠፋው።"

"እሱንማ" አሉ ሽማግሌው፣ "ሦስት ዓመት አየሁት።"

ከዚያ ቢላዋውን ከመቀነታቸው አውጥተው ለልጃቸው ሰጡት።

"ፀሐይ ገብታለች እኮ" አለ ገብሬ።

"መብራት አምጥቻለሁ" አሉና ከፊት ከፊት እያበሩ ወደ በሬው ወሰዱን።