የልጄ ሳልና የአከራያችን ጭስ

ልጄ አምስት ዓመት ሳይሞላት አስም ያዛት። ጅግጅጋ በመምህርነት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠንና፣ «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ አቧራና ጭስ ከቤታችሁ አጥፉ» አለን። ለእሱ መናገር ቀላል ነው። ከካራማራ በኩል ነፋስ ሲነሳ እኮ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እያለ ይቆሽሻል።

እኔ ደግሞ አንዴ የያዝኩትን የማልለቅ ሰው ነኝ። ምንጣፉን ጠቅልዬ አወጣሁ፤ መጋረጃውን አወረድኩ፤ የጥጥ ፍራሹን በስፖንጅ ለወጥኩ፤ ወለሉን ጠዋት ማታ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ባለቤቴ «ቤቱን እስር ቤት አስመሰልከው» አለችኝ። አልሰማኋትም፤ ጆሮዬ የሚሰማው የልጄን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ደረቷ ሲር ሲር ባለ ቁጥር እርጥብ ጨርቄን አነሳለሁ።

ሳሉ ግን አልቆመም። የሚነሳባትም ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት አከራያችን፣ ግቢው ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው የሶማሌ ባልቴት፣ ኡንሲያቸውን ፍም ላይ አድርገው ያጨሳሉ። ከስኳርና ከሽቶ የሚሠራ ጭስ ነው፤ ቤቷን ያላጨሰች ሴት እንግዳ ይታዘባታል። ሌባውን ያገኘሁ መሰለኝ።

ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ «ኤዶ፣ ልጄን እየገደሏት ነው» አልኳቸው። እንዲያ መናገሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሳቸውም ፍሙ ላይ ውሃ አፈሰሱበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላጨሱም፤ ዒድ ሲደርስ እንኳ አላጨሱም። ልጄ ግን ማሳሏን ቀጠለች። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸክሜያት ወደ ሐኪም ቤት ስሮጥ፣ ትሞትብኛለች ብዬ ነበር።

በማግስቱ ኤዶ ጠሩኝ። «መዓሊም፣» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ «እኔ በረንዳ ተቀምጬ አያለሁ። ትምህርት በሌለ ቀን ልጅቷ አታስልም። አንተ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትሮጣለች፣ ኮትህ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ታስላለች።» በከዘራቸው ጫፍ የኮቴን እጅጌ መታ መታ አደረጉት። ነጭ ዱቄት ቡን አለ።

ጠመኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ስጽፍና ሳጠፋ የዋልኩበት ጠመኔ። ቤቴን ሙልጭ አድርጌ የምጠርገው እኔ፣ አቧራውን በየቀኑ ይዤ የምገባውም እኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮቴን ትምህርት ቤት ሰቅዬ እመጣለሁ፤ ግቢው ቧንቧ ጋ ፀጉሬን ሳይቀር ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ነው ልጄን የማቅፋት። ሳሉ እየቀነሰ ሄደ። ስጋቴ ግን አልሄደም፤ መድኃኒቷን ከኪሴ አልለየውም ነበር።

ኤዶን ይቅርታ ጠይቄ፣ «አሁን ያጭሱ» አልኳቸው።

«ጭሱም አይጠቅማትም፤ መጀመሪያ ትደግ» አሉኝ።

ያንን ግቢ እስክንለቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ጭስ አልታየም። አንድ ቀን የመጣች እንግዳ፣ ቤታቸው ለምን ኡንሲ እንደማይሸት ስትጠይቃቸው በመስኮት ሰማሁ። በሶማሊኛ ነበር፤ ያን ያህል ሶማሊኛ ለምጃለሁ።

«ደረቷን የሚያማት ልጅ አለችኝ» አሏት።