አባቴ የቀመሰው ብርጭቆ

የፖም አረቄ ጠርሙስ ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው የአረቄው ሽታ አይደለም፤ የፖሙ ነው። ዝናብ በመታው ሣር ላይ ወድቆ የሰነበተ ፖም ይሸታል። አረቄው ኋላ ይመጣና ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ደግሞ ማልቀሻ ሰበብ አላጣም፤ ሥራዬ ነው።

ዙሪክ በምሠራበት ሆቴል ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የባሩ ሜኑ ይቀየራል። እንግዶቹ የበዓላቸውን ሰሞን በፖም አረቄና በቀረፋ መቀበል ይወዳሉ። እኔም እቀላቅላለሁ፣ ፈገግ ብዬ አቀርባለሁ። ፈገግታው የሥራ ነው። ሆዴ ግን፣ ልንገርሽ፣ ያ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ጄኔቭ ነው የሚሄደው፤ ቬርኒየ ሰፈር፣ አባቴ ኩሽና።

አባቴ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆቴል ባርማን ነበር። በደርግ ጊዜ ወጥቶ ጄኔቭ ሲገባም ሌላ ሥራ አልሞከረም፤ ጡረታ እስኪወጣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል መጠጥ ሲቀላቅል ኖረ። አዲስ አበባ አብሮት ይሠራ የነበረ አስተናጋጅ ጓደኛ ነበረው። እሱ ዙሪክ ገብቶ ቪዲኮን ሰፈር ተከራየና ትራም ነጂ ሆነ። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። ለአባቴ ከወንድም በላይ ነበር ብልሽ ማጋነን እንዳይመስልሽ፤ ወንድሞቹን እንዲያውም ያን ያህል አይወዳቸውም።

ጋሼ በፖም ወቅት ቅዳሜና እሁድ ከዙሪክ ወዲያ ያለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ለቀማ ሊያግዝ ይሄድ ነበር። ገበሬው ታዲያ ራሱ ያወጣውን የፖም አረቄ ያስይዘዋል። መስቀል ሲደርስ ጋሼ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ባቡር ተሳፍሮ እኛ ጋ ይመጣል። ጌሾ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የቤታችን የመስቀል መጠጥ የሚወጣው ከዚያ ጠርሙስ ነበር።

አቀላቀሉን አባቴ ለማንም አያስነካም። ማሩን በሙቅ ውሃ ያሟሟል፤ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ይጥልበታል፤ በረድ ሲል አረቄውን፣ ያልተጣራ የፖም ጭማቂና ሎሚ ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ገውዝ ይፈቀፍቅበታል። ሁሉም ነገር ተደምሮበታል ብሎ ስሙን «ደመራ» አለው። ሽታው ከኩሽና ወጥቶ ሊፍቱ ጋ ይደርስ ነበር። ጎረቤታችን ፖርቱጋላዊቷ «በዓል ነው እንዴ?» እያለች በር ታንኳኳለች። ብርጭቆ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም፣ ብልጥ!

አንድ ነገር ላስታውስሽ። በእኛ ወግ ለእንግዳ መጠጥ ስትቀጂ፣ ከመስጠትሽ በፊት መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ትቀምሺለታለሽ። መርዝ የለበትም፣ አትጠራጠር ማለት ነው። ለአማት፣ ለክብር እንግዳ፣ ለማታውቂው ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው። አባቴና ጋሼ ግን ይህን ከተዉት ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። አባቴ ገና ቀድቶ ሳይጨርስ ጋሼ ብርጭቆውን ከእጁ ይነጥቅና እንደቆመ ይጨልጠዋል።

እናቴ «ኧረ ቀስ! ማን ያባርርሃል?» ትለዋለች።

«ከዚህ ሰውዬ እጅ መርዝም ቢሆን እጠጣለሁ!» ይላል ጋሼ።

በየዓመቱ ያችኑ ይላታል፣ በየዓመቱ እንስቃለን።

ከዚያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጄኔቭ ላይ ያ ምርጫ ያላጣላው ሐበሻ የነበረ አይመስለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ሰው ሰላም ላለመባባል ስልኩን ያያል። የጋሼ የእህት ልጅ አዲስ አበባ ታሰረ፤ ተማሪ ነበር። ያን መስቀል ጋሼ ሲመጣ ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ ነበር። ጠርሙሱን ግን አልረሳውም።

ምሳ ላይ የምርጫው ወሬ መጣ። መምጣቱስ የት ይቀራል። አባቴ ልቡ ደግ ነው፣ አፉ ግን አንዳንዴ ይቀድመዋል።

«ልጁስ ቢሆን ቤቱ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?» አለ።

ጋሼ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። ውጪ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እናቴ ሁለቱንም እያየች «ኧረ በመስቀል!» አለች። አባቴ ምን እንደተናገረ ወዲያው ገባው፤ ጆሮው ሲቀላ አይቻለሁ። ይቅርታ በል ብትይው ደግሞ ሞቱ ነው። ያ ሰው የሆዱን የሚናገረው በእጁ ነበር።

ተነሥቶ ደመራውን ቀላቀለ። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ቀዳ። ጋሼ ፊት ቆመና ጎንበስ ብሎ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ዘረጋለት። ዛሬ የክብር እንግዳዬ ነህ፣ በድዬሃለሁ ማለቱ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ገብቶኛል። እናቴም ገብቷት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጋሼ ግን አልገባውም። ብርጭቆውን አየ፣ የአባቴን እርጥብ መዳፍ አየ።

«መርዝ ታጠጣኛለህ ብዬ የምጠረጥርህ መሰለህ?» አለ። «እንደ ባዳ ቀመስክልኝ?»

«ኧረ እኔ እኮ…» አለ አባቴ።

«በቃ፣ ባዳ ሆነናል።»

ካፖርቱን አነሣ። እናቴ «ባክህ ተመለስ! በመስቀሉ ይዤሃለሁ!» እያለች እስከ ሊፍቱ ተከተለችው። ሊፍቱ ተዘጋ። አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እስኪመሽም ማንም እንዲነካው አልፈቀደም።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቬርኒየን አልረገጠም፣ አባቴም ዙሪክን። ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በምርጫው ሲጨቃጨቁ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርሱ ሎዛን ላይ ወርደው ተመለሱ፣ ብታምኚም ባታምኚም። መስቀል በመጣ ቁጥር አባቴ ከሱቅ በተገዛ አረቄ ደመራ ይቀላቅላል፣ ይቀምሰዋል፣ «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» ብሎ ማጠቢያው ውስጥ ይደፋዋል። ስለ ጋሼ አንሥተንለት አናውቅም። እሱም አያነሣም። አንዳንዴ ብቻ ቴሌቪዥን ላይ ዙሪክ ስትታይ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

እኔም የአባቴን ሙያ ተምሬ ዙሪክ ሥራ አገኘሁ። አንድ ቀን ቪዲኮን ላይ የተሳፈርኩበትን ትራም ጋሼ ነበር የሚነዳው። ከመስታወቱ ጀርባ ማጅራቱን ዐወቅሁት፤ ሸብቷል። ስወርድ መስኮቱን አንኳኳሁ። ዞሮ አየኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ በሩ ተዘጋና ሄደ። ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «ኮፍያ አድርጓል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ብርድ አይችልም እኮ እሱ።»

ከዚያ አባቴ ታመመ። ጉሮሮው ነበር። ጥቅምት ላይ ሐኪሞቹ ብዙ እንዳልቀረው ነገሩንና ወደ ቤት አመጣነው፤ የሆስፒታል አልጋ ሳሎን ውስጥ ተዘረጋ። ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ምን እናድርግልህ ስለው ወደ አፉ አስጠጋኝ።

«ያ ሰውዬ ሳይመጣ እንዳልሄድ።»

ያ ሰውዬ! እዚያ ደርሶም ስሙን አልጠራም።

በማግስቱ ቪዲኮን ሄድኩ። ዙሪክ ጭጋግ ውጧት ነበር። ጋሼ በሩን ከፈተ፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ጎብጧል። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። «አባቴ ሊሞት ነው» አልኩት፣ እንዴት ነህ እንኳ ሳልለው።

እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ የጫማ ማድረጊያዋ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ቀን ይደውላል ብዬ እኮ ነው» አለ። «ቢደውል በሩጫ ነበር የምመጣው።»

«እሱም ያንተን ስልክ ነበር የሚጠብቀው፣ ጋሼ።»

«ደደቦች!» አለ። «ሁለት ሽማግሌ ደደቦች!»

ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ከካፖርቶቹ ሥር ጠርሙሶቹ ተደርድረው ነበር፤ የየዓመቱ መስቀል፣ ሁሉም በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ። ገበሬውም በየዓመቱ ሰጥቶታል፣ እሱም በየዓመቱ ለመንገድ አዘጋጅቷል። ከዳር ያለውን፣ ጋዜጣው የወየበውን አነሣ። ባቡር ውስጥ ቬርኒየ እስክንደርስ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ ነበር።

አባቴ ሲያየው አላለቀሰም። ዓይኑ ወደ ጠርሙሱ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው። ቀላቅይ ማለቱ ነው። ያን አቀላቀል ለሰው የሰጠው ያን ቀን ነው። ማሩን አሟሟሁ፣ ቅርንፉዱን ጣልኩ፣ አረቄውን ስከፍት ያ የበሰበሰ ፖም ሽታ ቤቱን ሞላው። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ በጣቱ አየሩን ይፈቀፍቃል፤ ገውዝ ጨምሪ! እየሞተም አያምነኝም።

ብርጭቆውን ለጋሼ ሰጠሁት። አባቴ መዋጥ አይችልም ነበር፤ ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ከንፈሩን ብቻ በስፖንጅ አርጥቡ ብላናለች። ጋሼ አልጋው ጋ ሄደ። ጎንበስ አለ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ። ስፖንጇን ነከረና የአባቴን ከንፈር አራሰለት።

አባቴ ከንፈሩን ላሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና በዚያች በቀረችው ትንፋሽ፣

«ከዚህ ሰውዬ እጅ…» አለ።

የቀረውን ጉሮሮው አላሳለፈለትም። እንደገና አፉን ከፈተ፣ ለሌላ ጠብታ። ጋሼ ነከረለት። ደግሞ ከፈተ።

እናቴ ከአልጋው ግርጌ እግሩን ይዛ ቆማ ነበር። እንባዋ እየወረደ፣

«ኧረ ቀስ» አለችው። «ማን ያባርርሃል?»

በሳምንቱ አባቴ ሄደ።