ጃኬት ሳይነሳ የማይዘጋው ሱቅ

ጋሼ ሚስማር ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ማለዳ ሱቃቸውን ከፍተው ደጁን ይጠርጋሉ፤ አካፋ፣ ገመድና የእጅ ባትሪ ይሸጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የከተማው ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ስለ ውሃና ስለ መንገድ ይከራከራሉ፤ ሲመሽ የመጨረሻው ጃኬት ከግድግዳው ላይ ሲነሳ ሱቁን ይዘጋሉ።

ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ይኸው የጃኬት ነገር ነው። ሱቁ ወደ ወርቅ ጉድጓዶቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ከተማው ጥቂት የላስቲክ ድንኳን ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቆፋሪ ጃኬቱን የሚያኖርበት አጥቶ ሲቸገር አይተው ከሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሚስማር መቱለት። ሌላውም መጣ፤ ሚስማሩም በዛ። ቆፋሪ ሲወርድ ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል። ሲመሽ ተሰቅሎ የቀረ ጃኬት ካለ ባለቤቱ አሁንም ከመሬት በታች ነው ማለት ነው።

አንድ ዝናባማ ምሽት አንድ ቡናማ ጃኬት ቀረ።

"መጠጥ ቤት ገብቶ ረስቶት ይሆናል፤ ይዝጉና ይግቡ ጋሼ" አሏቸው ጎረቤቶቻቸው።

"በዚህ ብርድ ጃኬቱን የሚረሳ ሰካራም ገና አልተወለደም!" ብለው፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ ከሱቃቸው አካፋ አስይዘው ወጡ። በዝናቡ የተደረመሰ ጉድጓድ አግኝተው ቆፍረው ከፈቱት፤ ሰውየውም በሕይወት ወጣ። ያ ሰው አባቴ ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ዕድሜዬ በሙሉ ከዚያች ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ምሽት መኪና የሚያስገባ መንገድ ስላልነበረ አባቴ በቃሬዛ፣ ጭቃ ለጭቃ ተጓዘ። ጋሼ ሚስማር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አምቡላንስ የሚያስገባ መንገድ እንዲሠራ ሲወተውቱ ኖሩ። ዘንድሮ ተፈቀደላቸው። መሐንዲሱ ካርታውን ሲዘረጋ ግን መስመሩ በሱቃቸው ላይ ያልፋል።

"ትንሽ ብናጠመዝዘው ሱቅዎ ይተርፋል" አላቸው።

"ማን ላይ ይወጣል?"

"የከተማው አዋላጅ ቤት ላይ።"

ጋሼ ሚስማር ወደ ቤታቸው እየሄዱ አሰቡ። ዕቃ የትም ቢሆን ይሸጣል፤ ሱቁ ከፈረሰ ግን ጃኬቱን ማን ይጠብቃል? ቤት ገብተው ምግብ አልቀምስ ሲሉ ባለቤታቸው ሳቁባቸው።

"ሰብሳቢው አንተ፣ ባለሱቁ አንተ። ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?"

"ከራሴ ጋር።"

"ታዲያ ታረቅና ብላ፤ እኔ ለሁለታችሁ ገበታ አላቀርብም!"

በዚህ ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ነዋሪውም አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ጋሼ ሚስማር ተነስተው መንገዱ በሱቃቸው ላይ እንዲያልፍ መወሰናቸውን ተናገሩ። ቀጥለውም ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን አባቴን በእጃቸው ጠሩት።

"የአንተ ቤት ከሱቄ ማዶ ነው፤ መንገዱም አይነካውም። ሚስማሮቹን ነቅዬ እዚያ ግድግዳ ላይ እመታቸዋለሁ። እስከዚያ ከሱቄ አንዲት ድንጋይ አትነሳም። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ጃኬት ሳይነሳ በር የማትዘጋው አንተ ነህ።"